የሬዚደንሲ ማመልከቻ ከተላከ በኋላ ስሕተት ሲገኝ ምን ይደረግ? ዝርዝር መመሪያ

ማመልከቻው ተልኳል፣ ክፍያውም ተከፍሏል። ከዚያ በኋላ ፒዲኤፉን ረጋ ብለው ሲያነቡት አንድ ዓመተ ምሕረት ተሳስቶ ይገኛል፤ ወይም ገና በግምገማ ላይ ያለ ጥናት «ታትሟል» ተብሎ ተመዝግቧል። በኢራስ፣ ማለትም የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር (ኤኤኤምሲ) በሚያስተዳድረው የማመልከቻ ሥርዓት፣ በኩል ለአሜሪካ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) የሚያመለክት ሐኪም ሁሉ ይህን ይፈራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለተማረ ሐኪም ደግሞ ሥጋቱ ይብሳል። ወረቀቶቻችን በሌላ የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፣ ስማችንም በአባትና በአያት የሚጠራ ነው። ስለዚህ ቅጹን ስንሞላ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች ይበዛሉ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አብዛኛው ስሕተት ዕድል አያበላሽም። ፕሮግራሙን የሚያሳስት ስሕተት እንዳለ ካወቁ በኋላ ዝም ማለት ግን ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሕተቱን በትክክል መመዘን፣ ከዚያ መነገር ያለበትን ቶሎ፣ በአጭሩና በጽሑፍ መናገር ነው። ቅደም ተከተሉን የጻፍኩት ኢራስን ይዤ ነው። የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና፣ ቀጥሎም የድንገተኛ ሕክምና ማመልከቻ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሬዚደንሲካስ ወደሚባል ሌላ የማመልከቻ ሥርዓት ስለተዛወረ፣ በዚያ ያመለከታችሁ ምን እንደሚታረምና ምን እንደማይታረም ከዚያው አረጋግጡ። አመዛዘኑና አነጋገሩ ግን አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ ለማንም ከመጻፋችሁ በፊት ማመልከቻውን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ

ስሕተቱ በተገኘበት ሌሊት ለፕሮግራም ኢሜይል መጻፍ ያጓጓል። አትጻፉ። ዛሬ ስለ አንድ ቀን ስሕተት ጽፋችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ስለ ሌላው ብትጽፉ፣ አንባቢው ዘንድ የሚቀረው ሁለቱ ስሕተቶች ሳይሆኑ ግድ የለሽነታችሁ ነው። እርማት አንድ ጊዜ ብቻ መላክ አለበት።

የተላከውን ማመልከቻ ከማይኢራስ፣ ከኢራስ የአመልካች ገጻችሁ፣ አውርዱ። ዲፕሎማችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቻችሁንና ፓስፖርታችሁን አጠገባችሁ ዘርጉ። ከዚያ መስመር በመስመር እያመሳከራችሁ በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ በማመልከቻው የተጻፈው፣ ትክክለኛው፣ ትክክለኛውን የሚያረጋግጠው ሰነድ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ካለ አስምሩበት። ማስረጃ የሌለው እርማት ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ ብትፈልጉ ቀድሟችሁ የገባ አንድ የምታምኑት ሐኪም በቂ ነው። ፒዲኤፉን በቴሌግራም ቡድን ላይ አትልቀቁት። የትውልድ ቀናችሁ፣ አድራሻችሁና የመለያ ቁጥራችሁ ያለበት ሰነድ ነው፤ አንዴ ከተሰራጨ አይሰበሰብም።

ደረጃ 2፦ የተቆለፈውንና ያልተቆለፈውን ለዩ

ትክክለኛነቱን አረጋግጣችሁ «ላክ» ካላችሁበት ደቂቃ ጀምሮ የማመልከቻው ዋና አካል፣ ማለትም ትምህርት፣ የሥራና የበጎ ፈቃድ ልምድ፣ ኅትመት፣ ሽልማት፣ የትምህርት መቋረጥን የሚመለከቱ ጥያቄዎች፣ ለዚያ ዓመት ይቆለፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ በ2025 ለምሳሌ ሴፕቴምበር 24 ነበር። በወሩ መጀመሪያ የላከ ሰው «ገና ማንም ስላላየው ይከፈትልኛል» ብሎ ያስባል። አይከፈትም። የእርዳታ መስመሩን ደውሎ መለመንም አይከፍተውም።

ከፕሮግራሙ አውጥቶ እንደገና ማመልከትስ? እሱም አይረዳም። በአንድ ዓመት ያላችሁ ማመልከቻ አንድ ነው፤ ዛሬ የላካችሁትም ሆነ በኖቬምበር የምትጨምሩት ፕሮግራም የሚደርሰው ያው የተቆለፈው ቅጂ ነው። የከፈላችሁት ገንዘብም አይመለስም። ለፕሮግራሞች የሰጣችሁት ሲግናልም (ልዩ ፍላጎታችሁን የምታሳዩበት ምልክት) ከማመልከቻው ጋር አብሮ ስለሄደ አይነሳም፤ ለተሳሳተ ፕሮግራም ሲግናል ከሰጣችሁ ያንን ተቀብላችሁ ወደፊት መሄድ ነው።

ክፍት የሚቀረው ጥቂት ቢሆንም ይጠቅማል። ስልክ፣ ኢሜይልና አድራሻ ይታረማሉ፤ አመልካቾችን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያዛምደው ድርጅት፣ የኤንአርኤምፒ፣ መለያ ቁጥርም በኋላ ይገባል። ኢሜይላችሁን አንድ ፊደል አሳስታችሁ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አሁኑኑ አርሙት፤ የቃለ መጠይቅ ግብዣ የሚመጣው በዚያ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ለአንድ ፕሮግራም እስከ አራት ስለሚመደብ፣ አራቱን ካልሞላችሁ መጨመር ይቻላል።

ፐርሰናል ስቴትመንትም (ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ) ከተላከ በኋላ ሊስተካከልና አዲስ ሊመደብ ይችላል። ለኢንተርናል ሜዲስን የተላከ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ «ለፋሚሊ ሜዲስን ያለኝ ፍቅር» የሚል ከተገኘበት፣ የታረመውን ዛሬውኑ መድቡ። ፕሮግራሙ አሮጌውን አንብቦት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ስለዚህ ጉዳይ ይቅርታ የሚጠይቅ ኢሜይል እንድትልኩ አልመክርም። ያላየውን ሰው «እዩልኝ» ማለት ይሆናል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሐሰት የሆነ መረጃ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እሱን እንደ ማንኛውም ከባድ ስሕተት ቁጠሩት።

ደረጃ 3፦ ስሕተቱን መዝኑ

የዚህ መመሪያ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ይህን ጠይቁ፦ ይህን ያነበበ የፕሮግራም ዳይሬክተር ስለ እኔ ያልሆነ ነገር ያምናል ወይ?

መልሱ «አያምንም» ከሆነ ተዉት። የፊደል ግድፈት፣ የተደገመ ቃል፣ የሆስፒታል ስም አጻጻፍ፣ ከ750 ፊደል ገደቡ የተነሳ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር፣ በሳምንት 40 ሰዓት መባል ሲገባው 45 የተባለ፣ እነዚህ ለማንም አይጻፍባቸውም። በአንድ ፊደል ምክንያት ለሰማንያ ፕሮግራም ደብዳቤ የላከ ሰው ስሕተቱን አላረመም፤ አሳየው እንጂ። ሳትጽፉት የቀረ ልምድም ስሕተት አይደለም። ኢራስ የሚቀበለው እስከ አሥር የተመረጡ ልምዶችን ነው፤ የቀረው በቃለ መጠይቅ ይወራል።

መልሱ «ያምናል» ከሆነ ደግሞ ይነገራል። ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ኅትመትን ነው። ለመጽሔት የተላከ ጥናት «ታትሟል» በሚለው ክፍል ከገባ፣ ሦስተኛ ጸሐፊ ሆናችሁ ሳለ ስማችሁ አንደኛ ከተቀመጠ፣ በኮንፈረንስ በፖስተር የቀረበው እንደ ሙሉ ጽሑፍ ከተመዘገበ፣ ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ፕሮግራሞች ፐብሜድን (የሕክምና ጥናቶች ማውጫ) ከፍተው ይፈልጋሉ፤ ካጡት የመጀመሪያ ግምታቸው «ተሳስቶ ነው» የሚል ላይሆን ይችላል። ኢራስ የተላከ፣ ተቀባይነት ያገኘና የታተመ ጥናትን ለይቶ የሚያስመዘግበው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት የ«አዎ» እና «አይደለም» ጥያቄዎች ናቸው። ትምህርታችሁ ተቋርጦ ወይም ተራዝሞ ያውቃል? ከዚህ በፊት የጀመራችሁት የስፔሻሊቲ ሥልጠና አለ? በወንጀል ተፈርዶባችሁ ያውቃል? የመጀመሪያው የእኛን ሰው ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል። አንድ ዓመት ደግሞ ያለፈ ተማሪ «አልተባረርኩም እኮ» ብሎ «አይደለም» ይላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በጦርነቱ የትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ሲያቆሙ ትምህርቱ የተጓተተበት ሐኪም ደግሞ «ጥፋቱ የኔ አይደለም» በሚል ያልፈዋል። ጥያቄው ግን ስለ ጥፋት አይጠይቅም። ትራንስክሪፕቱ ላይ ክፍተቱ ይታያል፤ ክፍተቱን ከነምክንያቱ ቀድሞ የተናገረ ሰው የሚያጣው ነገር የለም። አገር ቤት ሬዚደንሲ ጀምራችሁ አቋርጣችሁ ከመጣችሁና ያንን ሳትጽፉት ከቀራችሁ፣ እሱም በዚሁ ሚዛን ይታያል።

የምረቃ ዓመት ሦስተኛው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከተመረቁ ስንት ዓመት እንደሆነ አይተው ያጣራሉ። ዓመቱ ወደ ቅርብ ተስቦ ከሆነ ያላገባብ ጠቅሟችኋል፤ ወደ ኋላ ከሆነ ጎድቷችኋል። በሁለቱም በኩል ይነገራል።

መሐል ላይ የሚወድቁም አሉ። ከጁን እስከ ኦገስት የተጻፈ የሦስት ወር ኦብዘርቨርሺፕ በእውነቱ ከጁን እስከ ጁላይ ቢሆንስ? ወይም «ኦብዘርቨርሺፕ» መሆን ያለበት «ኤክስተርንሺፕ» ቢባል? የመጀመሪያውን ለቃለ መጠይቅ አቆየዋለሁ፤ ሲነሳ በአንድ ዓረፍተ ነገር አርሞ ማለፍ ይበቃል። ሁለተኛውን እጽፋለሁ። በሽተኛ በእጁ ያከመ ሰውና ቆሞ ያየ ሰው አንድ አይደሉም፤ ፕሮግራሙም ልዩነቱን ይመዝናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳ። ቅጹን ያስሞላችሁት በክፍያ ለሚሠራ ሰው ወይም ለዘመድ ቢሆንም ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ስትልኩ የተስማማችሁበት ቃል መረጃው የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሐሰት ወይም የጎደለ መረጃ ከውድድር እንደሚያስወጣ፣ ምርመራ እንደሚያስከትል፣ ከተቀጠሩ በኋላም ከሥራ እንደሚያሰናብት ይናገራል። «እኔ አልሞላሁትም» የሚል መልስ የትም አያደርስም።

ደረጃ 4፦ የዘመን አቆጣጠሩንና ስሙን ለብቻ ፈትሹ

በእኛ ሰው ማመልከቻ ላይ ከባድ ሆኖ የሚታየው፣ ምንጩ ግን ንጹሕ የሆነው ስሕተት የቀን ልወጣ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ስምንት። ሁሉንም በስምንት የደመረ ሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት አንድ ዓመት ይሳሳታል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። ሐኪሟ ኢንተርንሺፕ ጨርሳ ዲግሪዋን የተቀበለችው በኅዳር 2010 ዓ.ም. ነው። በጥር 2010 በአንድ የወረዳ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ተቀጠረች። ሁለቱም ላይ ስምንት ደመረች፦ ምረቃ ኖቬምበር 2018፣ ሥራ መጀመሪያ ጃኑዋሪ 2018። የሥራው ትክክል ነው፤ የምረቃው ኖቬምበር 2017 መሆን ነበረበት። አሁን ማመልከቻው የሚለው፣ ይህች ሐኪም ዲግሪዋን ከመያዟ አሥር ወር ቀድማ በሐኪምነት ስትሠራ ነበር ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ሰነድ የሚያረጋግጠው ድርጅት፣ ኢሲኤፍኤምጂ፣ ያረጋገጠው ዲፕሎማ ደግሞ 2017 ይላል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ገምጋሚ ይህን እንደ ልወጣ ስሕተት አያየውም፤ የተፈጠረ ልምድ ወይም ሆን ተብሎ ወደ ቅርብ የተሳበ የምረቃ ዓመት ይመስለዋል። አንድ አጭር ደብዳቤ ግን ሙሉ በሙሉ ይፈታዋል።

ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚወድቁ ቀኖቻችሁን ሁሉ እንደገና ለውጡ። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ የሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ተመልከቱ። አንዳንዱ ሰነድ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋል፣ አንዳንዱ የኢትዮጵያውን ብቻ ጽፎ ምልክት ሳያደርግ ይተዋል። ወርም ይሳባል፤ ጥር የሚጀምረው በጃኑዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ የሚያልቀውም ፌብሩዋሪ ውስጥ ነው። የአንድ ወር መዛባት ግን የሚያስጽፍ አይደለም።

ስም ላይ ያለው ችግር ሌላ መንገድ አለው። ፓስፖርቱ የአያት ስምን ጨምሮ ዲፕሎማው በአባት ስም ሊያበቃ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ቦታ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይሆናል። ይህ ለፕሮግራሞች በሚላክ ኢሜይል አይፈታም። በኢሲኤፍኤምጂ፣ በኢራስና በኤንአርኤምፒ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር እንዲገጥም ለየመሥሪያ ቤቱ በሰነድ ማመልከት ያስፈልጋል። ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ጀምሩት።

ደረጃ 5፦ ስሕተቱ የሌላ ሰው ከሆነ ወደ ምንጩ ሂዱ

ዲኑ የሚጽፈው የተማሪ አፈጻጸም ደብዳቤ ላይ ወይም ትራንስክሪፕት ላይ ስሕተት ካለ እናንተ አታርሙትም። ከአሜሪካ ውጭ ለተማረ ሐኪም እነዚህ ሰነዶች ወደ ኢራስ የሚገቡት በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የታረመ ሰነድ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለው፣ ይስጥ፤ ከዚያ በኢሲኤፍኤምጂ አካውንታችሁ በኩል ይተካ። አገር ቤት ሬጅስትራር ቢሮ በአካል የሚከታተል ሰው መወከል ያፈጥናል። ለወኪሉ የሚታረመውን መስመር በቀይ አስምራችሁ የሰነዱን ፎቶ ላኩለት፤ «ትራንስክሪፕቴ ተሳስቷል» ብሎ በቃል መላክ ለሌላ ዙር ስሕተት በር ይከፍታል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ስሕተት እንዳለ የምታውቁት ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ሲነግራችሁ ነው፤ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትታችኋልና። እሳቸው የታረመ ጽፈው ለመጫን ፈቃደኛ ከሆኑ አዲስ የደብዳቤ ጥያቄ ከፍታችሁ ላኩላቸው። ታላቅ ሐኪምን በዚህ ጉዳይ ማስቸገር ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ስማችሁ ወይም ጾታችሁ ተሳስቶ ከሆነ ግን ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። «ፕሮፌሰር፣ ደብዳቤው ላይ ስሜ በሌላ ሰው ስም ተተክቶ ይሆን ብዬ ነው፤ ጊዜ ሲኖርዎት ቢያዩልኝ» ማለት ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤውን ጻፉ

በደረጃ 3 «ይነገራል» ያላችሁት ካለ፣ ላመለከታችሁባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ጻፉ። ግብዣ ለላኩት ብቻ መጻፍ መምረጥ ይሆናል፤ በኋላ ሲጠየቅ ጥሩ አይመስልም። ኢሜይሉ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ይሄዳል፣ ዳይሬክተሩ በግልባጭ ይጨመራሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ላኩ። የሌሎች ሆስፒታሎች አድራሻ የተደረደረበት አንድ የጅምላ መልእክት አይከበርም።

መልእክቱ የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው። ይዘቱ ግን ይህን ያህል ነው፦

«ርእስ፦ የማመልከቻ እርማት፣ የኤኤኤምሲ መለያ ቁጥር ይህን ያህል

የተከበሩ ዶክተር እገሌ፣

ለፕሮግራማችሁ በላክሁት ማመልከቻ ላይ አንድ ስሕተት ስላገኘሁ ላሳውቃችሁ እወዳለሁ። በትምህርት ክፍሉ የሕክምና ዲግሪዬን ያገኘሁበት ጊዜ ኖቬምበር 2018 ተብሎ ተጽፏል፤ ትክክለኛው ኖቬምበር 2017 ነው። ስሕተቱ የተፈጠረው ቀኑን ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስለውጥ ነው። የዲፕሎማዬን ቅጂ አያይዣለሁ። ማመልከቻው ስለተቆለፈ በኢራስ ላይ ማረም አልቻልሁም፤ ይህን መልእክት ከፋይሌ ጋር እንድታያይዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በታች ሙሉ ስምና ስልክ። በቃ።

የእኛ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ማብዛት ይወዳል፤ ያደግንበት ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ያልተኛንበትን ሌሊት፣ የታመመ ቤተሰብን፣ የኢንተርኔት መቆራረጥን መዘርዘር ስሕተቱን ከነበረው በላይ ያገዝፈዋል። አስተባባሪዋ በዚያ ቀን ብዙ ኢሜይል አለባት፤ የምትፈልገው ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሆነና ማስረጃውን ነው። ሌላም ልጨምር፦ በእርማት ደብዳቤ ውስጥ «ፕሮግራማችሁ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው» አይባልም። ያ ለሌላ ቀን የሚቆይ ደብዳቤ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ እርማቱ ሰበብ ይመስላል።

የኅትመት ስሕተት ከሆነ ምክንያቱን ከማብራራት ይልቅ የአሁኑን ሁኔታ በትክክል ጻፉ፦ «ጽሑፉ በግምገማ ላይ ነው፣ አልታተመም፤ የጸሐፊዎቹ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው» ብላችሁ፣ መጽሔቱ የላከላችሁን የመቀበያ መልእክት አያይዙ። ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተጋነነ ነገር ከነበረም መንገዱ ያው ነው፤ «የዘመን አቆጣጠር ነው» ዓይነት ሰበብ ግን አትፍጠሩ። የእርማት ደብዳቤ ውስጥ የገባ ሐሰት ከመጀመሪያው ይከፋል።

የላካችሁበትን ቀን፣ የተላከለትን ፕሮግራምና መልሱን መዝግቡ። አብዛኞቹ አይመልሱም፤ ወይም «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይላሉ። መልስ አልመጣም ብላችሁ አትድገሙት።

ደረጃ 7፦ ለቃለ መጠይቁ ተዘጋጁ

ቃለ መጠይቅ አድራጊው በእጁ የያዘው የተቆለፈውን ማመልከቻ ሊሆን ይችላል፤ ኢሜይላችሁ ላይደርሰው ይችላል። ያ ክፍል ሲነሳ «እዚህ ላይ ያለው ዓመት ተሳስቷል፤ ትክክለኛው 2017 ነው፣ በኦክቶበር ለቢሮው አሳውቄያለሁ» ብላችሁ ቀጥሉ። ድምፃችሁ ሳይለወጥ መናገር እስክትችሉ ድረስ ከጓደኛ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ካልተነሳ፣ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ስላሳወቃችሁ፣ ማንሳት አይጠበቅባችሁም። ባልጻፋችሁባቸው ጥቃቅን ነገሮችም ቢሆን የተጻፈውን ስሕተት ለመደገፍ ሌላ ታሪክ አትጨምሩ።

ደረጃ 8፦ የምርመራ መልእክት ከመጣ

ኢራስን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ ኤኤኤምሲ፣ በማመልከቻ ላይ የተገኘ አለመጣጣምን ይመረምራል። ለአመልካቹ ይጽፋል፣ ማብራሪያና ሰነድ ይጠይቃል፤ ጥሰት አለ ብሎ ከደመደመ ሪፖርቱ ለፕሮግራሞች ሊደርስ ይችላል። ኤንአርኤምፒም ለማች (አመልካቾች ለፕሮግራሞች ለሚደለደሉበት ሂደት) ስትመዘገቡ የምትፈርሙት ስምምነት የተሟላና እውነተኛ መረጃ እንድትሰጡ ያስገድዳል፤ የጣሰ ሰው ለተወሰነ ዓመት፣ ሲከፋም ለዘለቄታው ከማች ሊታገድ ይችላል። ኢሲኤፍኤምጂም በበኩሉ የሥነ ምግባር ጥሰት ብሎ በመዝገባችሁ ላይ ሊያሰፍር ይችላል።

እንዲህ ያለ መልእክት ከደረሳችሁ በተሰጣችሁ ቀን ውስጥ መልሱ። የሦስት ዓምዱን ወረቀት፣ ሰነዶቹን፣ ከዚያም ማንም ሳይጠይቃችሁ የላካችሁትን የእርማት ኢሜይል ከነቀኑ አያይዙ። ቅን ስሕተት መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ንዴት፣ «ዘረኝነት ነው» የሚል ክስ፣ ወይም የሌሎችን ማመልከቻ መጥቀስ በዚህ ደብዳቤ ቦታ የላቸውም። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ የዚህ ዓይነት ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ከመልሱ በፊት አማክሩ።

ደረጃ 9፦ ከማች በኋላ ያለውን አትርሱ

በማርች ሦስተኛ ሳምንት ማች ከሆናችሁ ደስታው ይገባችኋል። ግን ወረቀቶቹ አሁን እንደገና ይመረመራሉ። ሆስፒታሉ ለቅጥር፣ የክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድም ለሥልጠና ፈቃድ ቀኖቻችሁን ከዋናው ምንጭ ያጣራሉ። በእነዚህ ቅጾች ላይ ትክክለኛውን ቀን ጻፉ፤ ከማመልከቻው ጋር ለማመሳሰል ብላችሁ የተሳሳተውን አትድገሙት። ቀድማችሁ ያላሳወቃችሁት ልዩነት ካለ፣ ቅጹን ከመላካችሁ በፊት ለአስተባባሪው ንገሩ።

በጄ-1 ቪዛ ለሚሄዱ ይህ ሌላ ዙር አለው። ስፖንሰሩ ኢሲኤፍኤምጂ ነው፤ ከሚጠይቃቸው መካከል ከአገራችን ጤና ሚኒስቴር የሚወጣ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። በእሱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ፣ የስፔሻሊቲው ስያሜም ከውሉ ጋር በፊደል መግጠሙን እዚያው ቢሮው ውስጥ ሳላችሁ አንብቡ። ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ለማሳረም ሳምንታት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሥራ የሚጀመረው ደግሞ በጁላይ መግቢያ ነው።

ማች ላልሆናችሁና በማች ሳምንት በሶፕ (ሳይሞሉ ለቀሩ ቦታዎች በሚደረገው ተጨማሪ ዙር) ለምታመለክቱ፣ እስከ 45 ፕሮግራም የሚሄደው ያው የተቆለፈ ማመልከቻ ነው። አዲስ ፐርሰናል ስቴትመንት መመደብ ስለሚቻል፣ እርማቱ አስፈላጊ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ ይግባ፤ በዚያ ሳምንት ፕሮግራሞችን በራስ ተነሳሽነት ማነጋገር ክልክል ነው፣ ቀድመው እነሱ ካላነጋገሩ በቀር። ለቀጣዩ ዓመት ስትዘጋጁ ደግሞ ቅጹ አዲስ ሆኖ ይከፈታል። ካለፈው ዓመት ቅጂ አትገልብጡ፤ ከሦስት ዓምዱ ወረቀት መካከለኛውን ዓምድ ይዛችሁ ሙሉ።